ሞተርን ከወፍጮ ማጣመር፦ የፑሊ፣ የቀበቶና የኩሽኔታ ስሌት ለወሎ ወፍጮ ቤቶች

«ወፍጮው ከታፈነ ሞተሩን አሳድገው» የሚል ምክር ከወልዲያ እስከ ከሚሴ በየወፍጮ ቤቱ ይሰማል። ሞተር ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ እህሉን ይዞ የተሰለፈው ደንበኛም ይህንኑ ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ሞተሩ ላይ ሳይሆን በሞተሩና በወፍጮው መካከል ነው፤ ፑሊው (ቀበቶው የሚዞርበት ክብ ብረት) ያለ ልኩ ተመርጧል፣ ቀበቶው ላልቷል፣ ኩሽኔታው (ዘንጉን ደግፎ የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) ደርቋል። እነዚህን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ከአዲስ ሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ይህ መመሪያ ወፍጮ ቤት ለመክፈት ለተደራጁ ወጣቶች፣ ያላቸውን ወፍጮ ለሚያስተዳድሩ ባለቤቶች፣ እንዲሁም መካኒካል ምህንድስና ጀምረው ቀመሩን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ለሚያውቁት ተማሪዎች ነው።

ሜትር፣ ካሊፐር፣ ውሃ ልክ፣ የማይለጠጥ ቀጭን ሲባጎ፣ ጠመኔና ደብተር አዘጋጁ። ካልኩሌተር ስልካችሁ ላይ አለ። ሽቦውን ሳይቆርጥ ዙሪያውን ቆንጥጦ የሚያነብ የአምፔር መለኪያ ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ተውሳችሁም ቢሆን አግኙ። ባቲ ያላችሁ ደግሞ ሥራውን ለእሑድ ማታ አታስቀምጡት፤ የሰኞ ገበያተኛ የተፈታ ማሽን እስኪገጠም አይታገሥም።

ደረጃ 1፦ የሞተሩን መለያ ሰሌዳ ማንበብ

በሞተሩ ጎን የተለጠፈች ትንሽ ብረት አለች። በዱቄትና በግራሶ ከተሸፈነች በጨርቅና በትንሽ ነጭ ጋዝ አጽዷት። ሞተሩን ሲያሳምር ሰሌዳዋንም አብሮ ቀለም የሚቀባ ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም፤ እንዲህ ከሆነ በጥንቃቄ ፋቁት፣ ቁጥሮቹ ያስፈልጋሉ። አራት ነገሮችን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ፦ ኪሎዋት፣ ዙር በደቂቃ፣ ቮልት እና አምፔር። ለምሳሌ ያህል በዚህ ጽሑፍ የምንሠራበት ሞተር 15 ኪሎዋት (20 የፈረስ ጉልበት ገደማ)፣ 1,450 ዙር በደቂቃ፣ 380 ቮልትና 30 አምፔር የሚል ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሦስት ነገሮች ይወጣሉ፤ የማሽን ሥራ መሠረቱም እነዚሁ ናቸው።

ዙር በደቂቃ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይነግራል። ጠምዛዥ ጉልበት ዘንጉ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያዞር ይነግራል፤ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ከዳዶው 30 ሳንቲሜትር ርቃችሁ የመፍቻውን እጀታ በ100 ኒውተን፣ ማለትም አሥር ኪሎ ያህል በሚመዝን ጫና ብትገፉት ጠምዛዥ ጉልበቱ 30 ኒውተን ሜትር ነው። እጀታው ላይ ቧንቧ ቀጥላችሁ ርቀቱን 60 ሳንቲሜትር ብታደርሱት በዚያው ጫና 60 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሦስተኛው አቅም ነው፤ ጉልበቱና ፍጥነቱ አንድ ላይ ተባዝተው በኪሎዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ይገለጻሉ። ሦስቱን የሚያገናኘው ቀመር ይህ ነው፦

ጠምዛዥ ጉልበት = 9,550 × ኪሎዋት ÷ ዙር በደቂቃ

የእኛ ሞተር 9,550 × 15 ÷ 1,450 = 99 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል።

አሁን የድሮውን ሊስተር የተባለ ናፍጣ ሞተር አስቡት። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሊስተር 6/1 በ650 ዙር 6 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 4.5 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ቀመሩ ውስጥ ብታስገቡት 66 ኒውተን ሜትር ይወጣል። በ1,450 ዙር የሚሽከረከር የ4.5 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚሰጠው 30 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። «ሊስተር ብርቱ ነው፣ ኤሌክትሪክ ደካማ ነው» የሚለው የሽማግሌዎች ክርክር የመነጨው ከዚህ ልዩነት ይመስለኛል። ሆኖም ሁለቱንም በተስማሚ ፑሊ ወደ 500 ዙር ብታመጧቸው ወፍጮው ላይ የሚደርሰው ጉልበት እኩል 86 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ በቀበቶ የሚባክነው ጥቂት ይቀነሳል። ፑሊ ዙርን በጉልበት፣ ጉልበትን በዙር ይመነዝራል እንጂ አቅም አይጨምርም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የከፍታውን መቀነስ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ወሎ ላይ ግን መዝለል አይቻልም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ደላንታና መቅደላ ደግሞ ከዚያም በላይ የሚወጣ አገር አላቸው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 10 የፈረስ ጉልበት የሚል ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 8፣ ደሴ ላይ ደግሞ 7.5 ያህል ነው ብላችሁ አስሉ። ጥቁር ጭስ ማብዛቱ ነዳጁ ካገኘው አየር መብለጡን ያሳያል፤ የነዳጅ ፓምፑን ይበልጥ መክፈት ጭሱን እንጂ ዱቄቱን አይጨምርም።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ የሚቀዘቅዘው ግን በአየር ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚሠራ ሞተር የተሰጠ ነው። ደሴ ላይ ያንኑ ሞተር ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጭነት ማሠራት በውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅልል ያበስለዋል። ሞተር ስትገዙ ትንሽ ትርፍ አቅም ያለው ምረጡ፤ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል የተጋገረውን ዱቄትም በየሳምንቱ ጥረጉ።

ደረጃ 3፦ የፑሊ ስሌት

ወፍጮው በስንት ዙር መሥራት እንዳለበት የሚወስነው አምራቹ ነው፤ የወፍጮው ሰሌዳ ወይም መመሪያ ላይ ፈልጉት። የጎረቤት ወፍጮ በዚህ ፍጥነት ይሠራል ብሎ መኮረጅ አደገኛ ነው፤ ከተፈቀደለት በላይ የፈጠነ ድንጋይ ዱቄቱን ከማቃጠል አልፎ ሊፈነዳ ይችላል። የእኛ ወፍጮ 580 ዙር ይፈልጋል እንበል። ሕጉ ቀላል ነው፦

የሞተር ፑሊ ስፋት × የሞተር ዙር = የወፍጮ ፑሊ ስፋት × የወፍጮ ዙር

ስፋት ስንል ከዳር እስከ ዳር በመሐል የሚያልፈውን ልኬት ነው። ሞተሩ ላይ 160 ሚሊሜትር ፑሊ ካለ 160 × 1,450 ÷ 580 = 400፤ ስለዚህ የወፍጮው ፑሊ 400 ሚሊሜትር ይሁን። ባለ ቪ ቅርጽ ቀበቶ ከፑሊው ዳር ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ለቢ ዓይነት ቀበቶ (ዓይነቶቹ ደረጃ 4 ላይ አሉ) ከውጭው ልኬት 7 ሚሊሜትር ያህል ቀንሳችሁ አስሉ። ቀበቶው አንድ ሁለት በመቶ ስለሚንሸራተትም እውነተኛው ዙር ከ580 ጥቂት ያንሳል፤ ይህ ችግር አይደለም።

አሁን ወደታፈነው ወፍጮ እንመለስ። ባለቤቱ «ይፍጠንልኝ» ብሎ የሞተሩን ፑሊ ከ160 ወደ 200 ሚሊሜትር አሳደገ እንበል። በፊት ወፍጮው ላይ የሚደርሰው ጉልበት 99 × 2.5 (400 ÷ 160 = 2.5)፣ በቀበቶ የሚባክነው አምስት በመቶ ያህል ሲቀነስ 235 ኒውተን ሜትር ነበር። አሁን ዙሩ 725 ሲሆን ጉልበቱ ወደ 188 ይወርዳል። በ235 ሲታፈን የነበረው ወፍጮ በ188 ቢቆም ምን ያስደንቃል? ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ትልቅ ሞተር የሚገዛው፣ ትልቁ ሞተርም ቀበቶውን የሚበላው። የታፈነ ወፍጮ ሲያጋጥማችሁ በመጀመሪያ ድንጋዩ መወቀር እንዳለበት፣ እህሉ እርጥብ መሆኑንና ከማጉረሻው የሚወርደው መብዛቱን ተመልከቱ። የደነዘ ድንጋይ እህሉን ከመፍጨት ይልቅ ይደፈጥጠዋል፤ የሞተሩን አቅም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ፑሊ መቀየር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ደረጃ 4፦ የቀበቶው ዓይነትና ርዝመት

ባለ ቪ ቀበቶ የሚይዘው በጎኖቹ ነው። የላይ ስፋቱና ከፍታው ዓይነቱን ይወስናል፦ ኤ 13 በ8፣ ቢ 17 በ11፣ ሲ 22 በ14 ሚሊሜትር። ፑሊው ለቢ የተሠራ ከሆነ ኤ ቢገጠምበት ወደ ታች ሰምጦ ቀበቶው የሚቀመጥበትን የፑሊውን ቦይ ወለል ይነካል፤ ጎኖቹ መያዛቸውን ይተዋሉ፣ ቀበቶውም እየተንሸራተተ ይቃጠላል። የቦዩ ወለል እንደ መስታወት አብርቶ ካገኛችሁት ቀበቶው ወይም ፑሊው አልቋል ማለት ነው።

ለርዝመቱ በሁለቱ ዘንጎች መሐል ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ ከሁለቱ ፑሊዎች ድምር ሁለት እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የእኛ 160 + 400 = 560 ስለሆነ እስከ 1,120 ሚሊሜትር ድረስ መሄድ እንችላለን። 1,000 ሚሊሜትር እንውሰድ። ርዝመቱ ሦስት ቁጥሮች ተደምረው ይገኛል፦

የርቀቱ እጥፍ፦ 2,000
የፑሊዎቹ ድምር በ1.57 ተባዝቶ፦ 560 × 1.57 = 879
የፑሊዎቹ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ ለርቀቱ አራት እጥፍ ሲካፈል፦ 240 × 240 ÷ 4,000 = 14

ድምሩ 2,893 ሚሊሜትር ነው። ገበያ ላይ ልክ ይህ ቁጥር አይገኝም፤ ለዚህ የሚቀርበውን ግዙና ሞተሩን በሐዲዱ ላይ ወደፊት ወይም ወደኋላ አስተካክሉ። አንዳንድ ቀበቶ ላይ የሚጻፈው የውስጥ ርዝመት፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የመሐል ርዝመት ነውና ሻጩን ጠይቁ። የድሮውን ቀበቶ ይዞ ሄዶ «እንዲህ ያለ ስጠኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አሮጌ ቀበቶ የተለጠጠ ስለሆነ ልኩ አይታመንም።

ሦስት ወይም አራት ቀበቶ ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነ አንዱ ሲበጠስ ሁሉንም ለውጡ። አዲሱ ከአሮጌዎቹ ስለሚያጥር ጭነቱን ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ያልቃል። ይህን የምናገረው ቀበቶ እንድትገዙ ለመገፋፋት አይደለም፤ አንዱን ብቻ መቀየር በመጨረሻ የበለጠ ያስወጣል።

ደረጃ 5፦ ዘንግና ኩሽኔታ

ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያቆልፈው አራት ማዕዘን ትንሽ ብረት ሙሉውን ጠምዛዥ ጉልበት ይሸከማል። የ15 ኪሎዋት ባለ 1,450 ዙር ሞተር ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 42 ሚሊሜትር ነው፤ የሚገባውም ብረት ስፋቱ 12፣ ከፍታው 8 ሚሊሜትር ነው። ይህ ብረት የሚገባበት ቦይ ከሰፋ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አሠሩት። ሚስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅጥቆ ማሠራት ዘንጉን መግደል ነው። ፑሊውን በተቻለ መጠን ወደ ኩሽኔታው አስጠግታችሁ ግጠሙ፤ ወደ ዘንጉ ጫፍ በራቀ ቁጥር የቀበቶው ስበት ዘንጉን ያጎብጠዋል።

ኩሽኔታ ሲገዛ ወሳኙ ነገር ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። 6308 የሚለውን እንውሰድ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የዘንጉን ውፍረት ይሰጣሉ፦ 08 × 5 = 40 ሚሊሜትር። ይህ ከ04 ጀምሮ ላሉት ይሠራል፤ 00 አሥር፣ 01 አሥራ ሁለት፣ 02 አሥራ አምስት፣ 03 አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ናቸው። ከፊት ያሉት አኃዞች የኩሽኔታውን ዓይነትና ውፍረት ይናገራሉ፤ 6208ም ለ40 ሚሊሜትር ዘንግ ነው፣ የውጭ ስፋቱ ግን 80 ሲሆን የ6308 90 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ አጠገብ 2አርኤስ (2RS) ካለ በሁለቱም በኩል በጎማ ተዘግቷል፤ ዜድዜድ (ZZ) ካለ በቆርቆሮ ተከልሏል። ለወፍጮ ቤት አቧራ የጎማው ይሻላል። ወለል ወይም ብረት ላይ በቡሎን የሚታሰረው ባለ ቤት ኩሽኔታ ዩሲፒ (UCP) 208 ከሆነ እርሱም የ40 ሚሊሜትር ነው።

ስትገጥሙ ኩሽኔታውን በመዶሻ አትምቱት። ዘንጉ ላይ የሚጠብቀው የውስጠኛው ቀለበት ስለሆነ ልኩ የሆነ ቧንቧ በዚያ ቀለበት ላይ አስደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ። ምቱ በውጭኛው ቀለበት በኩል ካለፈ በኳሶቹ ውስጥ ያልፍና ማሽኑ ገና ሳይነሳ ኩሽኔታው ይጎዳል። ግራሶ ደግሞ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚባለው ስሕተት ነው፤ ባዶውን ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ መሙላት ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ኳሶቹ ግራሶውን ሲያቦኩት ይግላል።

ደረጃ 6፦ መሠረትና አሰላለፍ

ሞተሩና ወፍጮው በአንድ የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቀመጡ። በጃማ እንዳለው ባለ ጥቁር አፈር አገር ይህ የግድ ነው፤ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ለየብቻ የቆሙ ማሽኖችን ያፈናቅላቸዋል። ጥቁሩን አፈር ቆርጣችሁ አውጡና በድንጋይ ተክታችሁ ኮንክሪቱን አፍስሱ። ሁለቱንም ዘንጎች በውሃ ልክ አስተካክሉ።

ቀጥሎ የሲባጎው ሥራ ነው። አንድ ሰው ሲባጎውን ከትልቁ ፑሊ የውጭ ጎን ላይ ይያዝ፤ ሌላው እስከ ትንሹ ፑሊ ወጥሮ ይሳበው። ሲባጎው የትልቁን ሁለት ጠርዝ፣ የትንሹንም ሁለት ጠርዝ በአንድ ጊዜ መንካት አለበት። አንዱ ጋ ክፍተት ከታየ ሞተሩን እንጂ ወፍጮውን አታንቀሳቅሱ። ዝንፈቱ ከግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ርቀት 9 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነው እንዳይበልጥ። የፑሊዎቹ ጠርዝ ውፍረት ከተለያየ ግን ሲባጎው ያሳስታል፤ ያኔ የሚለካው ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል ነው።

ደረጃ 7፦ መወጠርና መከለል

ቀበቶውን በፌሮ እየጎለጎላችሁ በግድ አታስገቡት፤ ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል። ሞተሩን ወደ ወፍጮው አስጠጉ፣ ቀበቶውን በእጅ አልብሱ፣ ከዚያ ሞተሩን መልሱት። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለውን የቀበቶ መሐል ስትጫኑት በአንድ ሜትር ርቀት 16 ሚሊሜትር ያህል ይርገብ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጫና በቀበቶው አምራች ሠንጠረዥ ላይ አለ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቀበቶ ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላ ደግሞ ሲነሳ ይጮኻል። ጩኸቱን ለማስቆም ሳሙና ወይም ሬንጅ መቀባት ቀበቶውን ያጠፋዋል።

ሲሽከረከር ይህ ቀበቶ በሰከንድ 12 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 44 ኪሎሜትር ያህል መሆኑ ነው። ወፍጮ ቤት የሚመጣው ሰው ነጠላ ያጣፋ፣ ሻሽ ያሰረ፣ ሽርጥ የታጠቀ ነው፤ የእናቱን ቀሚስ የያዘ ሕፃንም አይጠፋም። ስለዚህ ጣት የማያሳልፍ የሽቦ መከለያ ሁለቱንም ፑሊዎችና ቀበቶውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። መከለያ ሳይኖር ወፍጮ አይነሳም፤ «ለአንድ ቁና ብቻ» የሚል ደንበኛ ቢለምንም አይነሳም።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሙከራ

ድንጋዮቹን አላቅቃችሁ፣ እህል ሳታጎርሱ አስነሱ። ዘንጉ በተቃራኒ ከዞረ ማብሪያውን አጥፍታችሁ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ፊውዝ አውጥታችሁ ኪሳችሁ ከከተታችሁ በኋላ ባለሙያው ከሦስቱ የሞተር መስመሮች ሁለቱን ያለዋውጥ። ሽክርክሪቱ ሲስተካከል በእያንዳንዱ መስመር ላይ አምፔሩን ለክታችሁ ጻፉ። ከወራት በኋላ ባዶ ሲዞር የሚነበበው ቁጥር ከዚህ ከጨመረ ኩሽኔታ ወይም አሰላለፍ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከዚያ እህሉን ጥቂት በጥቂቱ ልቀቁ። አምፔሩ ከሰሌዳው 30 እንዳያልፍ ማጉረሻውን ወስኑና ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ለቆቦ ማሽላና ለደጋው ገብስ ምልክቱ አንድ ቦታ አይሆንም። አምፔሩ በትንሽ እህል ከፍ ካለ ቮልቱንም ለኩ፤ ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ለዚያው ሥራ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ ያኔ ማጉረሻውን መቀነስ እንጂ ፑሊ መነካካት መፍትሔ አይደለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማሽኑን አቁማችሁ የኩሽኔታዎቹን ቤት በእጅ ንኩ። እጅ ጥቂት ሰከንድ እንኳ መቆየት ካልቻለ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አልፏል፤ ግራሶውንና የቀበቶውን ውጥረት መርምሩ። ስታቆሙ መጀመሪያ እህሉን ዝጉ፣ ድንጋዩ ያለውን ይጨርስ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፉ። ክፍሉን ስትጠርጉ ዱቄቱን አታብንኑት፤ የበነነ ዱቄት ከእሳት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ሲጋራና ኩራዝ ከውጭ ይቅሩ።

አዲስ ቀበቶ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይለጠጣል፤ ማታ ማሽኑ ከቆመ በኋላ እንደገና ወጥሩት፣ ከሳምንት በኋላም ድገሙት። በመጨረሻ የቀበቶውን ዓይነትና ርዝመት፣ የኩሽኔታዎቹን ቁጥር፣ የሁለቱን ፑሊዎች ስፋትና ባዶ ሲዞር የተነበበውን አምፔር በቀለም ግድግዳው ላይ ጻፉ። ያኔ መለዋወጫ ለመግዛት ደሴ የሚላከው ልጅ ግድግዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ መሄድ ይበቃዋል።